የሚዛን ጣቶች

ሚዛን ሥራውን የጀመረው በፍርሃት ነው፤ እስከ ዛሬም የሚሠራው በፍርሃት ነው። አይደብቀውም። "ፈሪ ለእናቱ" ይልና ይስቃል፤ እናቱ ከሞተች ስንትና ስንት ዓመቷ ቢሆንም። በከብት እርባታው ጋራዥ ውስጥ ካሉት ማሽኖች ሁሉ የሚፈራው አንዱን ብቻ ነው፤ የሳር ማጨጃውን። ዕጣው ሆኖ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ የሚያውቀው እሱኑ ነው።

ማጨጃው ከትራክተር ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት ነው። ከፊት ያሉት ቢላዋዎች ሳሩን ይቆርጡታል። ከኋላቸው ጎማ የለበሱ ሁለት ረጃጅም ሮለሮች አሉ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የተቆረጠው ሳር በሁለቱ መሃል ሲያልፍ አገዳው ስብር ስብር ይላል፤ ከተሰበረ ውሃው ቶሎ ይወጣል፣ ሳሩም በቶሎ ድርቆሽ ይሆናል። ካልተሰበረ ግን ላዩ ደርቆ፣ ሆዱ ውሃ እንደቋጠረ ይቀራል። ሠራተኞቹ ሁለቱን ሮለሮች "መንታዎቹ" ይሏቸዋል። መንታዎቹ ተጠጋግተው መኖር አለባቸው፣ መነካካት ግን የለባቸውም። ከተነካኩ ጎማቸው ተበልቶ ያልቃል፤ ከተራራቁ ሳሩ ሳይሰበር ሾልኮ ያልፋል። ያንን ክፍተት ማስተካከል የሚዛን ሥራ ነው።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ መንታዎቹ ሁለቱንም ያስንቃሉ። ሙያውን ያስተማረው ሽማግሌ መካኒክ ቀኝ እጅጌውን በመርፌ ቁልፍ አጥፎ የሚይዝ ሰው ነበር። "የያዘችኝ እጅጌዬን ነው፤ እጄ ተከትሎ ሄደ" ይል ነበር፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ። ሚዛን ይህን ቃል ከሰማ ጀምሮ ማጨጃው ጋ ሲጠጋ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሳይሰበስብ ቀርቶ አያውቅም።

ስለዚህ በጋራዡ አንድ ሕግ አለ። በመንታዎቹ መሃል እጁን የሚያስገባ ሰው የትራክተሩን ቁልፍ ነቅሎ ለሚያምነው ሰው ይሰጣል። ያ ሰው ቁልፉን ጨብጦ፣ ፊት ለፊት፣ በሚታይበት ቦታ ይቆማል። ንቅንቅ አይልም፤ ሻይ ቢጠሩት አይሄድም። ቁልፉ ሲሰጥ የሚባለው ነገር "ነፍሴን ያዝልኝ" ነው። መጀመሪያ ቀልድ ነበር፤ እየዋለ እያደረ ግን የሚስቅበት ጠፋ።

የሚዛንን ነፍስ የምትይዘው ልጁ ናት። ትራክተሩን የምትነዳው እሷ ናት፤ አባቷን በቁመት ትበልጠዋለች፣ በዝምታም ትበልጠዋለች።

"ሚዛን" ያሰኘው ጣቱ ነው። ከሲጋራ ፓኮ የወጣ ብርማ ወረቀት ይጠቀልልና በመንታዎቹ መሃል ያስገባል፣ ሮለሩን በእጁ ያዞረዋል። ወረቀቱ ተጨፍልቆ በወዲያ በኩል ሲወጣ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያሸዋል። "ስሳለች" ይላል፣ ወይም "ወፍራለች"። ከዚያ በግራና በቀኝ ያሉትን ዳዶዎች ጠበቅ ወይም ላላ ያደርጋል። ሲረካ "ሚዛን ነው" ይላል። ጋራዡ ውስጥ ከዚህ ቃል በኋላ የሚጨምር ሰው አልነበረም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው ሚስቱ ብቻ ናት፣ እሷም ስትቆጣ ብቻ።

አዲሷ የእርባታው ኃላፊ በመጣች ሰሞን፣ ቅጠል ቅጠል የሚመስሉ ስስ ብረቶች ያሉት የክፍተት መለኪያ ገዝታ ሰጥታው ነበር። "ጋሽ ሚዛን፣ በዚህ ቢለኩት አይሻልም?" አለችው፣ በአክብሮት።

"አለቃ፣ ጣቴን ጡረታ ሊያወጡብኝ ነው እንዴ?" አለና ጋራዡን አሳቀባት። መለኪያው መሳቢያ ገብቶ ቀረ። እውነቱ የእሷ ነበር፤ ሚዛን ግን ይህን ለመቀበል ብዙ ነገር ማየት ነበረበት።

ነገሩ የጀመረው ከእግሩ ነው። ጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ውሎ፣ ማታ ካልሲው ደም ነክቶት ሲያገኘው ነቃ። ሐኪሙ ስኳር ነው አለው። "ነርቭዎን እየጎዳው ነው። እጅዎንም ሊይዘው ይችላል። ስለትና ትኩስ ነገር ሲነኩ ይጠንቀቁ" ብሎ መድኃኒት ሰጠው። ሚዛን መድኃኒቱን ጋራዥ ወስዶ በብሎን ቆርቆሮ ውስጥ ሸሸገው። ለሚስቱ "ድካም ነው አሉኝ" አላት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያለ ሰው ሲመክር የኖረ እሱ ነው፤ ምክር ለሰው ቀላል ነው።

ለምን ደበቀ? ፈራ፣ ሌላ ምን። ቤቱ የእርባታው ነው፤ ሥራው ያለቀ ቀን ቤቱም ያልቃል። ሚስቱ በገዛ እጇ ሰማያዊ የቀባችውን በር አስረክበው ወዴት ይሄዳሉ? ከዚያም በላይ፣ ጣቱ ካልሠራ ሚዛን ማን ነው? አንድ ቀን ጠዋት የሻይ ብርጭቆ አንስቶ ሲጠጣ፣ ሚስቱ በትንሹ ነክታው "ኧረ አቃጠለኝ! አንተ ሰውዬ እንዴት ያዝከው?" አለችው። "የመካኒክ እጅ እኮ ነው" አላት። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ ግን ጣቶቹን ገልብጦ አያቸው።

የአጨዳው ወቅት ደረሰ። ሚዛን ቁልፉን ነቅሎ ለልጁ ሰጣት። "ነፍሴን ያዢልኝ።" ጨብጣ ፊት ለፊቱ ቆመች። እጅጌውን ሰበሰበ፣ ብርማውን ወረቀት አስገባ፣ ሮለሩን አዞረ። ወረቀቱን አነሳና ዓይኑን ጨፍኖ አሸው።

በጣቶቹ መሃል ምንም ነገር ያለ አልመስለው አለ።

"ስሳለች" አለ፤ ከዚህ ሌላ ምን ይበል። መንታዎቹ ተጠጋግተዋል ማለት ነው ብሎ ዳዶውን አላላ። እንደገና አስገባ፣ እንደገና አሸ። አሁንም ባዶ። ጥቂት አላላ። ጀርባው በላብ ረጠበ። መለኪያው ያለበት መሳቢያ እዚያው አጠገቡ ነው፤ እጁን ዘርግቶ ማውጣት ብቻ ነበር። ግን ልጁ እያየችው ነው።

"አባዬ፣ ዛሬ አላበዛኸውም?" አለችው።

"ጎማው አርጅቷል። ያረጀ ነገር ቦታ ይፈልጋል፣ እናትሽን አታይም?" ልጁ ፈገግ አለች። እሱም ዳዶውን አሰረና "ሚዛን ነው" አለ።

ልጁ ሜዳውን አጨደችው። ሳሩ መሬት ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ደመና መጣ፣ ኃላፊዋ "ዝናቡ ሳይቀድመን" አለች፣ ሰው ሁሉ ተረባርቦ አሰረው፣ በጭነት መኪና ተጋዘ፣ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ተሞላ። በዚያ ጥድፊያ መሃል ሚዛን ከአንዱ እስር ላይ አንድ አገዳ መዘዘ። አገዳው ሙሉ ነው፤ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ሲያጥፈው አረንጓዴ ውሃ ቋጠረ። ዙሪያውን አየ፤ የሚያየው የለም። "ከዳር የቀረ ነው" አለ ለራሱ፤ አገዳውን ኪሱ ከተተው። ያን ዕለት ቢናገር ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።

ድርቆሹ መጋዘን ውስጥ የሚያድረው ዘበኛው ነው። "እንቅልፌ" ነው የሚሉት፤ በሕይወቱ አንድም ሌሊት አንቀላፍቶ እንደማያውቅ ስለሚምል። ከሚዛን ጋር አብረው ያደጉ፣ አብረው የተቀጠሩ ናቸው። ክምሩ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር፣ ፍራሹን አንጥፎ ይተኛል፤ ይቅርታ፣ ይጠብቃል። ከመጋዘኑ ግድግዳ ወዲያ የጥጆቹ ቤት ነው።

አንድ ጠዋት ሚዛን ወደ ጋራዡ ሲያልፍ እንቅልፌ በር ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ይታጠባል።

"ስማ፣ ዘንድሮ ያመጣችሁት ድርቆሽ ተባርኳል" አለው። "ብርድ ልብስ የለ፣ ካፖርት የለ፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሥር ያሞቀኛል። ወገቤን ተሻለኝ እኮ! ሽታውም ደስ ይላል፣ እንደ ትንባሆ ነገር።"

ሚዛን ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ እሱም አያውቅም። ጥግ ሲዞር ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

እርጥብ ድርቆሽ ሲከመር ከውስጥ እንደሚግል ያውቃል። ግሎ ግሎ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት፣ ከሆዱ እንደሚነድ ያውቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ላዩ ድርቆሽ መስሎ ሳለ ውስጡ ከስሎ ጉድጓድ መሆኑ ነው፤ የረገጠው ሰው ይሰምጣል። በልጅነቱ በሰፈራቸው እንዲህ ያለ መጋዘን ሲነድ አይቷል። ከብቶቹ የጮኹትን ጩኸት እስከ ዛሬ በሕልሙ ይሰማዋል።

ከዚያ በኋላ ምግብ አልወርድለት አለ። በየሰዓቱ ሰበብ እየፈለገ በመጋዘኑ በር ያልፋል፣ ያሸታል። ሽታ አለ? የለም? ያለ ይመስለዋል፤ ንፋስ ሲነፍስ የጠፋ ይመስለዋል። ለእንቅልፌ "ወንድሜ፣ ከዛሬ ጀምረህ በሩ ጋ ባለችው ቤት እደር፤ ድርቆሹ ውስጥ እባብ አይተዋል" አለው።

"እባቡም በርዶት ነዋ የመጣው" አለና ሳቀበት። "ተወው፣ ተቃቅፈን እናድራለን።"

ልጁም በየቀኑ ጠዋትና ማታ ለጥጆቹ ድርቆሽ ለማውረድ ክምሩ ላይ ትወጣለች። ሚዛን መሰላሉን ስትወጣ ባየ ቁጥር አፉን ይከፍታል፤ ሰማያዊው በር ትዝ ይለዋል፤ ይዘጋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል የሚባለው ለእንዲህ ያለ ሰው ነው።

የድሮ ሰዎች አንድ መፈተኛ ነበራቸው። ረጅም ብረት ክምሩ ሆድ ውስጥ ሰድዶ፣ ቆይቶ አውጥቶ በእጅ መጨበጥ ነው። ጨብጠህ መያዝ ከቻልክ ድርቆሹ ደኅና ነው። ከለቀቅከው፣ ከብትህን አስወጣ። ሚዛን ይህን ለመሞከር ወሰነ። ጣቱን አላመነውም፤ እዚህ ላይ ደኅና አሰበ። "ጣቴ ቢዋሽ መዳፌ አይዋሽም" አለ። ቤት ውስጥ መዳፉን በጥፍሩ ቆነጠጠው፤ የተሰማው መሰለው። ሰው አጥብቆ የፈለገውን ነገር መስማቱ አይቀርም።

እንቅልፌ ዳቦ ሊገዛ ወጣ ሲል፣ ሚዛን ከጋራዡ ረጅም ፌሮ ይዞ ገባ። ክምሩ ወገብ ላይ ገፋው፤ እስኪገባ ድረስ በመዶሻ መታው። ከዚያ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። በሕይወቱ ብዙ ጸልዮ አያውቅም። ያን ቀን ጸለየ፤ ስለ ሥራው አልጠየቀም፣ ስለ ቤቱም አልጠየቀም፣ ብረቱ ብቻ ቀዝቃዛ ይሁን አለ። የጠበቀው በቂ ሲመስለው ተነሳ፣ ፌሮውን ጎትቶ አወጣና ከሆዱ የወጣውን ጫፍ በመዳፉ ሙሉ ጨበጠ።

አልተሰማውም። ጥርሱን ነክሶ ጠበቅ አደረገው። ምንም የለም! ቀዝቃዛ ነው! ለረጅም ጊዜ እንደጨበጠ ቆየ፤ እንባው መጣ። "ተመስገን" አለ። ፌሮውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ወጣ። እንቅልፌን መንገድ ላይ ሲያገኘው ትከሻውን መታ አድርጎ "ሂድ፣ ከእባብህ ጋር ተኛ!" አለው። እንቅልፌም "ዛሬ ምን ነካህ? ፊትህ በራ" ብሎት አለፈ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ አመሻሹ ላይ እንደምታደርገው እጁን ልታስታጥበው ጆግ ይዛ መጣች። ግራ እጁን ዘረጋ፣ ቀኙን ዘረጋ። ውሃው ሳይፈስ ጆጉ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች።

ሚዛን ዝቅ ብሎ አየ። መዳፉ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ አብጧል፤ መሃሉ ላይ ቆዳው ተገሽልጦ፣ የፌሮው ጥርስ እንደ ማኅተም ታትሞበታል። ሚስቱ በስሙ ጠራችው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም። "እጅህ ተቃጥሏል እኮ! አይሰማህም? አይሰማህም ወይ?"

አይሰማውም። ያን ጊዜ ገባው። ብረቱ ቀዝቃዛ አልነበረም። እንቅልፌን ተኛ ብሎ የላከው እሱ ነው። ሰዓቱ ደግሞ ለጥጆቹ ድርቆሽ የሚወርድበት ሰዓት ነው።

እግሬ አውጪኝ አለ። የማይሰማው እግር መሬቱን ሳያምን እንዴት ይሮጣል? ወደቀ፣ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ። ሚስቱ ከኋላው እየጮኸች ተከተለችው። የመጋዘኑን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። ልጁ ከክምሩ ላይ መንሽ ይዛ ቆማለች። እንቅልፌ ከመሰላሉ አጠገብ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ብሏል።

"እንዳትንቀሳቀሺ! ተኚ! በሆድሽ ተኚ!"

"አባዬ፣ ምንድን ነው?"

"ሆዱ እየነደደ ነው! መንታዎቹን አራርቄያቸዋለሁ! ጣቴ ሞቷል፣ እጄ ሞቷል፣ ዋሽቼሻለሁ፣ ተኚ!"

ልጁ ዞር ልትል እግሯን ስታነሳ አንደኛው እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። ከሰመጠበት ቀጭን ጭስ ወጣ። ጮኸች። ሚዛን ነፍሱ ከሥጋው የተለየች መሰለው። ሊወጣ መሰላሉን ያዘ፤ መያዙን ግን እጁ አልነገረውም፤ ተንሸራቶ ወደቀ። እንቅልፌ፣ ያ ሁልጊዜ የሚቀለድበት ሰው፣ መሰላሉን ነጥቆ ወደ ላይ ወረወረውና ክምሩ ላይ አጋደመው። "በሆድሽ፣ የኔ ልጅ፣ መሰላሉን ይዘሽ ነይ፣ ቀስ፣ ቀስ" አላት። ልጁ እግሯን ነቅላ፣ በደረቷ እየተሳበች ዳሩ ጋ ደረሰችና ራሷን ወደ ታች ለቀቀች። ሁለቱ ወንዶች ላይ ወደቀች፤ ሦስቱም ተያይዘው መሬት ላይ ተንከባለሉ።

ጥጆቹ ወጡ። ኃላፊዋ መጣች፣ የውሃ መኪና መጣ፣ ክምሩ ተከፈተ። ሆዱ ጥቁር ከሰል ነበር፤ አየር ሲያገኝ ነበልባል ብድግ አለ። ሲያጠፉት አመሹ። ግማሹ ድርቆሽ ጠፋ፣ የጣሪያው አንድ ጎን ነደደ፤ ሰው ግን አልሞተም። ልጁ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠባሳ ይዛ ቀረች።

ኃላፊዋ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ "ማን ነው ያስተካከለው?" ብላ ጠየቀች። ሚዛን መዳፉን ዘርግቶ አሳያት። የብሎን ቆርቆሮውንም፣ መድኃኒቱንም፣ ኪሱ ውስጥ ያቆየውን አገዳም ነገራት። "ተቆጥቻለሁ" አለችው፣ "በጣም ተቆጥቻለሁ። መጀመሪያ ግን ሐኪም ቤት ይሂዱ።" ስለ ቤቱ የመጣው ውሳኔ "ለልጅዎ ሥራውን እስኪያስተምሩ ድረስ ይቀመጡ" የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ማንም አልተናገረም፤ ሚዛንም ለመጠየቅ ይፈራል። ማታ ማታ ሰማያዊውን በር ሲዘጋ ትንሽ ቆም ብሎ ያየዋል።

ዘንድሮ የአጨዳው ወቅት እንደገና ደረሰ። ልጁ መለኪያውን ከመሳቢያው አወጣች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች። የትራክተሩን ቁልፍ ነቅላ ለአባቷ ሰጠችው።

"ነፍሴን ያዝልኝ፣ አባዬ።"

ሚዛን ቁልፉን ተቀበለና ጨበጠ። እጁን አየው። ዓይኑን ከእጁ ላይ ወደ ልጁ ቢያነሳ፣ ቁልፉ ቢወድቅ፣ ማን ይነግረዋል? ዓይኑን እጁ ላይ ቢተክል ደግሞ ልጁን ማን ያያታል? ቁልፉን አንስቶ በጥርሱ መሃል አጥብቆ ነከሰው። ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ምላሱ ነገረው።

ልጁ በመንታዎቹ ፊት ተንበረከከች። ወደ ክፍተቱ ስታጎነብስ አባቷ አይታያትም። "ይዘሃል?" አለች።

አፉ ቁልፍ ስለያዘ መናገር አልቻለም። "እምም" አለ።

እጇን አስገባች። እሱም "እምም" ማለቱን ቀጠለ፤ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ቁልፉን እንደነከሰ፣ እጇ ደኅና እስኪወጣ ድረስ ድምፁን አላቋረጠም።